የፔሌት ምድጃ አጠራረግ

በጽፋትና በኢየሩሳሌም ብርዱ ስለሚጠና አንዳንድ ቤቶች የሚሞቁት በፔሌት ምድጃ ነው። ፔሌት ከመጋዝ ብናኝ (ሰጋቱራ) ተጨምቆ የሚሠራ ትንሽ የእንጨት ፍሬ ነው። ፍሬው በኤሌክትሪክ እየተገፋ ወደ ማንደጃው ጽዋ ይወርዳል፤ ጭሱን ማራገቢያ ወደ ውጭ ያስወጣዋል።

ዋናው ሥራ ጽዋውን መጥረግ ነው። እሳቱ አየር የሚያገኘው በጽዋው ቀዳዳዎች ነውና አመድ ሲደፍናቸው ነበልባሉ ይዳከማል፣ ይጨሳል፣ መስታወቱም ይጠቁራል። ምድጃው በየቀኑ የሚነድ ከሆነ ጽዋውም በየቀኑ ቢታይ ጥሩ ነው።

ከመጥረግ በፊት ምድጃው በማጥፊያው ይጥፋና በደንብ ይቀዝቅዝ። እየነደደ ሶኬቱን መንቀል አይገባም፤ ማራገቢያው ስለሚቆም ጭሱ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል።

ፍም በአመድ ውስጥ እንደሚያድር ማታ እሳት ዳፍኖ ጠዋት የቆሰቆሰ ሁሉ ያውቃል። የፔሌት አመድም እንደዚያው ነው። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤት ውጭ ይቀመጥ እንጂ በፌስታል ወይም በቆሻሻ ገንዳ አይጣል። በተራ የቤት መጥረጊያ ማሽንም አይሳብ፤ ማሽኑ ውስጥ እሳት ይነሳል።

ጭስ ማውጫውን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ባለሙያ ይጥረገው። ከተዘጋ በዝግ ቤት ከሰል ያነደደን ሰው የሚገድለው፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤቱን ይሞላል። ጠቋሚ መሣሪያ መኝታ ክፍል አጠገብ ቢሰቀል መልካም ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለእሳት አደጋ 102፣ ለአምቡላንስ 101 ይደወል።