ወሎን በአንድ ፎቶግራፍ

ዲጋ ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ልጆች ሳስተምር አንድ ቀን የነሕው ትምህርት በአገራችን እንዴት እንደተስፋፋ ለማስረዳት ብዬ የወሎ መሻይኾችን አነሳሁ። ዕድሜው አሥር ዓመት የማይሞላ ደረሳ እጁን አወጣና በኦሮምኛ፣ «ኡስታዝ፣ ወሎ የረሃብ አገር አይደለም እንዴ? ደረሳዎቹ ምን በልተው ነው የቀሩት?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ልጁ የተወለደው የ1977ቱ ረሃብ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ወሎን አላየም፤ አባቱም አላየም። ታዲያ ይህን ዕውቀት ከየት አገኘው?

ነገሩን ከመነሻው ለማየት ወደ 1965 ዓ.ም እንመለስ። በዚያ ዓመት በወሎ ሰው በረሃብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ወሬው እንዳይሰማ ይጥር ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው አመጡ። ተማሪዎቹም ጮኹ። የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም በለንደን ቴሌቪዥን ሲታይ ግን ዓለም ተንቀሳቀሰ፣ እርዳታም ጎረፈ። የራሳችን ሰዎች ያነሡት ፎቶግራፍ ያላስገኘውን ጆሮ የውጭው ፊልም አስገኘ።

ያው ፊልም ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ መጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ ደርግ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ያሳየው ግን እንደነበረ አልነበረም። በረሃብተኛው ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ቅንጦት ተሰክቶበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሁለቱም ከተሞች ምስሉ የወጣው ለየራሱ ጉዳይ ነው፤ በለንደን ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ በአዲስ አበባ ንጉሥ ለማውረድ። በምስሉ ላይ የሚታየው የወሎ ገበሬ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ከማን መሬት ላይ እንደሚያርስ፣ ስንት እጁን ለባለ መሬቱ እንደሚከፍል የጠየቀ አልነበረም።

ይህ መጠየቅ ነበረበት። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሯል። በዚያን ዓመት በአገሪቱ የነበረው እህል በጠቅላላው እምብዛም እንዳልቀነሰ፣ ሰው ያለቀው የሚገዛበት አቅም በማጣቱ እንደሆነ፣ ከዚያም አልፎ በረሃቡ መካከል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል እንደነበረ አሳይቷል። ፊልሙ ያሳየው የተሰነጠቀ መሬት ነው። ከደሴ እህል ጭኖ የሚወጣውን መኪና ግን የትኛውም ካሜራ አላነሣውም። በዚህም ምክንያት ተመልካቹ ጥፋቱን በአፈሩ ላይ ጣለው፤ «ወሎ ደረቅ ነው» ብሎ ፈረደ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም አሥረኛ ዓመቱን በድግስና በሰልፍ ሲያከብር ረሃቡ ተደብቆ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ በዓለም ቴሌቪዥኖች ሁሉ ተሰራጨ። ካሜራውን የያዘው መሐመድ አሚን የተባለ የናይሮቢ ተወላጅ ሙስሊም ነው። ስለዚህ ሰው ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። በዚያ ዘገባ ምክንያት ከሞት የተረፈው ሕዝብ ብዙ ነው። ሰውዬው ሐጅን በፎቶግራፍ ለዓለም ያሳየ መጽሐፍም አሳትሟል። በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ደግሞ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ ባሕር ሕይወቱ አለፈ። ሥራው ውሸት አልነበረም። ያነሣው ያየውን ነው። ነገር ግን ከኮረም ብዙም ሳይርቅ የአሸንጌ ሐይቅ መኖሩን ከዚያ ፊልም የተረዳ ተመልካች ያለ አይመስለኝም።

ከምስሉ በኋላ ዘፈኑ ተከተለ። በኅዳር 1977 ዓ.ም የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእርዳታ ያወጡት ዘፈን ርእሱ፣ እነዚህ ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ነው። ገናን ከብዙ አውሮፓውያን በፊት ያከበረች አገር ናት የምትጠየቀው! ከረሃብተኞቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ እነርሱ የሚጠብቁት ዒድን ነው። ገንዘቡ መልካም ሥራ ሠርቷል፣ አላህ ይቁጠርላቸው። ሆኖም የዘፈኑ ሰዎች ስለ ማን እንደሚዘፍኑ አላወቁም ነበር። በዚያው ዓመት በነቀምት አካባቢ ዝናቡ አልተቋረጠም፤ በአማካይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው። ዴዴሳም አንገርም ሞልተው ወደ ዓባይ ይወርዱ ነበር። ለዘፈኑ አድማጭ ግን ኢትዮጵያ በሙሉ ኮረም ሆነች፣ ኮረምም የዚያች ቀን ጠዋት ብቻ ሆነች።

አሁን ወደ ደረሳዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ምን በልተው ቀሩ? ወሎ የሸህ ሙሐመድ ሻፊ ጃማ ንጉሥ አገር ነው። የገታ፣ የዳና፣ የሾንኬ ሐሪማዎች አገር ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉትን ያነበበ ሰው የዑለማውን ብዛት ያውቃል። ወደ እነዚያ ሐሪማዎች ደረሳ የሚጎርፈው ከወሎ ብቻ አልነበረም፤ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከዚህ ከምዕራብም ጭምር ነው። አንዱ ለፊቅህ፣ ሌላው ለነሕው፣ ሌላው ለተፍሲር በእግሩ ወራት ተጉዞ ይደርሳል። ስንቁ በመንገድ አልቋል። የሚያበላው ማን ነው? የመንደሩ ገበሬ ነው። ሲመሽ ከየቤቱ እንጀራ ይወጣል፤ ደረሳው በልቶ ወደ ኪታቡ ይመለሳል። ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። የሩቅ አገር ልጆችን ያለ ክፍያ ሲመግብ የኖረ ሕዝብ ዛሬ ስሙ የሚነሣው ለምጽዋት እጁን በዘረጋበት ሰዓት ነው። ለደረሳዬም ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያው የኛም ሰዎች በልተዋል» አለ። አዎን በልተዋል።

ከዚያ ሰፈራው መጣ። ከ1977 ዓ.ም ጀምሮ በነበሩት ሁለት ዓመታት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በአውቶቡስና በሶቪየት አውሮፕላን ተጫነ። ከግማሽ የሚበልጠው ከወሎ የመጣ ሲሆን፣ ከክፍላተ ሀገሩ ሁሉ ብዙውን የተቀበለው ወለጋ ነው። አንዳንዱ በፈቃዱ፣ አንዳንዱ በግዴታ ሄደ። ብዙ ሰው በወባ አለቀ። «ስግሰጋ» በሚባለው አሠራር ደግሞ በነባሩ ገበሬ መካከል የሰፈሩ ነበሩ፤ ነባሩ ገበሬ ጎጆ እንዲሠራላቸው፣ መሬት እንዲያካፍላቸው ታዘዘ። ሳይጠየቅ ታዘዘ ማለቴ ነው። ይህን የምጽፈው የሁለቱንም ወገን ጉዳት አንባቢ እንዲያውቅ ነው። መጤው የመጣው ቴሌቪዥን ከሰጠው ስም ጋር ነበር፤ «ረሃብተኛ» የሚለው ስም በዚህ «ሰፋሪ» ወደሚል ተቀየረ። ሰፋሪው ልጅ ወለደ፣ ልጁም ልጅ ወለደ። ስሙ ግን አልተነሣም።

ውድ አንባቢያን፣ በሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ሙፈሲሮች የአንቀጹን መውረጃ ሲያስረዱ የሚጠቅሱት ታሪክ ለጉዳያችን ቅርብ ነው። ወሊድ ኢብኑ ዑቅባ ዘካ ለመሰብሰብ ወደ በኑል ሙስጠሊቅ ጎሣ ተላከ። ሰዎቹ ሊቀበሉት ወጡ። እርሱ ግን ከሩቅ የወጣውን ብዙ ሰው አይቶ ፈራና ተመለሰ፤ ዘካ ከልክለው ሊገድሉት እንደነበረም ተናገረ። በዚያ ወሬ ጦር ሊዘምትባቸው ተቃርቦ ነበር። ወሊድ ሰዎች ሲወጡ በእርግጥ አይቷል። ያላየው ለምን እንደወጡ ነው። በዚያችው ሱራ፣ ከጥቂት አንቀጾች በኋላ፣ ሰዎች እርስ በርስ እንዳይሳለቁና በቅጽል ስም እንዳይጠራሩ ተከልክሏል።

ዛሬ ደግሞ ተራው የወለጋ ሆኗል። ቀድሞ የወለጋ ስም በውጭ አገር የሚታወቀው በቡናው ነበር፤ የዓለም ቡና ነጋዴዎች እስከ ዛሬ በከተማዋ የድሮ ስም «ለቀምፕቲ» ብለው ይጠሩታል። በአገር ውስጥ ደግሞ ወለጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሚሲዮንን ነው። «እዚያ ሙስሊም አለ እንዴ?» ተብዬ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ አልቆጥረውም። ቤጊን የሚያውቅ፣ በ1945 ዓ.ም ገደማ ያረፉት አልፋቂ አሕመድ ዑመር ወዳሉበት ወደ ያአ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። (ስለ ዚያራው ዑለማ ያላቸው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው።)

አሁን ግን ቡናውም ሚሲዮኑም ተረስቶ ወለጋ የደም ስም ሆኗል። ደሙ እውነት ነው፤ አንደብቀውም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ብዙ መቶ ሰዎች ተገደሉ፤ መንግሥት በስም የለያቸው ብቻ 338 ነበሩ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መሠረታቸው ከወሎ የሆነ ሙስሊሞች ናቸው። ከጥቃቱ የተረፉትና መንግሥት ታጣቂውን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ከሰሱ፤ ታጣቂው ካደ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ስለነበር ከወለጋ የሚወጣ ድምፅ አልነበረም፤ ስለ ወለጋ የሚያወራው በሩቅ ያለ ሰው ነው። አንዱ ጣቢያ የወለጋን ኦሮሞ በሙሉ ገዳይ ያደርገዋል። ሌላው በዚያ ያለውን አማራ በሙሉ የተላከ ወራሪ ያደርገዋል። በቶሌ ሙት የቀበረው፣ ጎረቤቱን በቤቱ የሸሸገው፣ እርሱም ራሱ በሌላ ቀን ልጁን ያጣው ገበሬ በሁለቱም ዘንድ የለም።

በዲጋ ገበያ ቡና የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ። በ1977 ዓ.ም ከቃሉ አውራጃ ከአውቶቡስ ወርደው ሲመጡ ዝናብ ይዘንብ ነበር። አርባ ዓመት አልፏል፤ ኦሮምኛቸው ከእኔ ይሻላል። በገበያው ውስጥ አሁንም «የወሎው ሰውዬ» ይሏቸዋል፤ ወጣቶች ስለ ረሃቡ እንዲያወሩላቸው ይጠይቋቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ለዘመድ ሠርግ ኮምቦልቻ ሄደው ነበር። የዘመድ ልጆች ከበው፣ «የወለጋው አባባ፣ ከዚያ እልቂት እንዴት ተረፉ?» ብለው ጠየቋቸው። ምን መለሱላቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። «የዘንድሮው ቡና ደህና ፍሬ ይዟል አልኳቸው» አሉኝ፤ ጆንያቸውንም ወደ ሚዛኑ አስጠጉ።