የመርከብ መጸዳጃ ቧንቧ ታሪክና የጉባው ሐይቅ

ያገለገለ ባለ ሸራ ጀልባ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ሸራውንና ምሰሶውን ነው። ቀጥሎ ሞተሩን ይመረምራል። የመጸዳጃውን ቧንቧ የሚያስታውሰው ሽታው ሲያስታውሰው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር ለትምህርት ሳለ እንዲህ ያለ ጀልባ የገዛ ጓደኛውን ረድቶ አሮጌውን የጎማ ቱቦ በመጋዝ ሲቆርጥ፣ ውስጡ ጣት የማያስገባ ሆኖ አገኘው። የሽንት ጨው ከባሕር ውሃ ካልሲየም ጋር ተጋግሮ እንደ ኖራ ድንጋይ ጠንክሯል። የቱቦው ግድግዳም ሽታውን ለዓመታት ጠጥቶ ስለነበር፣ በውጭ በኩል በእርጥብ ጨርቅ ሲታሸት ጨርቁ ይሸት ነበር። እንዲህ ያለው ቱቦ አይታጠብም፤ ይጣላል።

በሸራ መርከቦች ዘመን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ነፋሱ በአብዛኛው ከኋላ ስለሚመጣ መርከበኞች የሚጸዳዱት በመርከቡ አፍንጫ ላይ ነበር፤ ሽታውን ነፋሱ፣ ቆሻሻውን ማዕበሉ ይወስደዋል። በየብስ ግን ጆን ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1596 በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ ገለጸ፤ አሌክሳንደር ካሚንግ በ1775 በታጠፈ ቧንቧ ውስጥ በሚቀር ውሃ ሽታን የሚያግድ መጸዳጃ በፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ በየቤታችን ያለው ይኸው ነው። በጀልባ ላይ ግን አይበጅም፤ ጀልባው ሲንገዋለል ውሃው ይፈስሳልና። ስለዚህ የእጅ ፓምፕና ቫልቭ ተተኩ።

አደጋው የገባውም በዚሁ በር ነው። የትንሽ ጀልባ መጸዳጃ ብዙውን ጊዜ ከውሃው ወለል በታች ስለሚውል፣ ፓምፑ ቢቆምም በሲፎን ኃይል ውሃ ተስቦ ጀልባውን ሊያሰጥም ይችላል። መፍትሔው ቱቦውን ከውሃው ወለል በላይ በቅስት ማውጣትና በቅስቱ አናት ላይ አየር ማስገቢያ ቫልቭ ማኖር ነው። የአሮጌ ጀልባ ገዢ መጀመሪያ ሊፈትሸው የሚገባው ይህንን ቫልቭ ነው፤ በጨው ከተደፈነ የለም ማለት ነውና።

የቫልቭ ስሕተት ዋጋው ስንት እንደሆነ ዩ 1206 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1945 በስኮትላንድ አቅራቢያ ከባሕር በታች ሳለ፣ በብዙዎች እንደተተረከው፣ የመጸዳጃው ቫልቮች ያለ ቅደም ተከተላቸው ተከፈቱ። የገባው የባሕር ውሃ ከባትሪዎቹ ደረሰ፤ የክሎሪን ጋዝም ተነሣ። መርከቡ ወደ ላይ ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ ወጥቶም በአውሮፕላን ተመታ፤ በዚያው ጠፋ።

እኛም ያገለገለ መርከብ ተረክበን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1944 አገልግሎት የጀመረችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ኦርካ በ1954 ዓ.ም. ለባሕር ኃይላችን ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄደች፤ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያ ትውልድ የጦር መርከቦች የመጸዳጃው ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ባሕር ይለቀቅ ነበር። አሜሪካ በ1972ቱ የውሃ ንጽሕና ሕግ ይህን ገደበች። የማርፖል ስምምነት አራተኛ አባሪም እ.ኤ.አ. በ2003 ጸና። ማጠራቀሚያ ጋን በጀልባ ሆድ ውስጥ እየተለመደ የመጣው እንዲህ ባሉ ሕጎች ምክንያት ነው።

ማርፖል ግን የባሕር ሕግ ነው፤ ሐይቅን አይመለከትም። በአሶሳ ዙሪያ የገጠር መጸዳጃ ሲባል የሚታሰበው በቀርከሃ የታጠረ ጉድጓድ ነው፤ ቆሻሻውን አፈሩ ይቀበለዋል። ጀልባ አፈር የለውም። በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ንጋት የተባለ ሐይቅ በክልሉ ተገኝቷል። ወደፊት ያገለገሉ ጀልባዎች ተገዝተው ሲመጡ፣ ጋን ያላቸው ቢሆኑ እንኳ ጋኑ የሚመጠጥበት ስፍራ ያስፈልጋል። ይህን በዳር በተገነባ የሲሚንቶ መድረክ ላይ እንትከለው የሚል ባለሙያ አንድ ቁጥር ያስተውል፤ የሐይቁ ከፍተኛ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር፣ ዝቅተኛው የሥራ ወለል 590 ሜትር ነው። ውሃው ሲሸሽ መድረኩ በደረቅ ኮረብታ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መምጠጫው ራሱ ተንሳፋፊ፣ ወደ ዳር የሚያደርሰው ቧንቧም ተጣጣፊና ሽታ የማያሳልፍ መሆን አለበት።