ቀለም የሌለው ጠጠር

ዲላ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ፣ ከእንሰት ጥላ ሥር አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገበጣ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ዘመኑ ርቋል፤ ሥዕሉ ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ገበጣቸው መሬት ላይ በጣት ተምሶ በመዳፍ የተደለደለ ነበር። በጠጠር ፈንታ የያዙት ጀንፈል ነው፤ ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና። (በጌዴኦ ምድር ጠጠር ከመፈለግ ቡና መዝገን ሳይቀል አይቀርም።) ልጁ ፍሬዎቹን በየጉድጓዱ ሲጥል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። እርሳቸው ግን ጉድጓዱን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ያነሣሉ፤ የመጨረሻዋ ፍሬ የት እንደምታርፍ እጃቸው ቀድሞ ያውቃል። «አባባ፣ አጭበረበሩኝ!» ይላል ልጁ። አዛውንቱ ይስቃሉ።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን በአንድ ወዳጄ ቤት ያየሁት የባሕር ማዶ ጨዋታ ነው። ቅዊርክል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን፣ ስድስት ዓይነት ቀለምና ስድስት ዓይነት ቅርጽ የተሣለባቸውን 108 ትንንሽ የእንጨት ገጾች እያዛመዱ መደርደር ነው። ሚሻኤል ኪስሊንግ የተባለ ጀርመናዊ የፈጠረውና በ2017 የወጣው አዙልም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የፖርቱጋልን ባለቀለም የግድግዳ ሸክላዎች አርአያ አድርጎ ተጫዋቹን ንድፍ ያስነጥፈዋል። ሁለቱም በጀርመን የዓመቱ ጨዋታ ተብለው ተሸልመዋል፤ አንዱ በ2011፣ ሌላው በ2018። ያማሩ ናቸው፤ አልዋሽም፣ እኩለ ሌሊት እስኪሆን ተጫውቻለሁ። ነገር ግን ቀለሙ ከተነሣ ጨዋታው የለም። የእኛዎቹን ሳስብ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ።

ሰንጠረዥን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የዘለቀው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ የዚህ ጨዋታ አፍቃሪ እንደነበሩ ጽፏል። የአገራችን የሰንጠረዥ ገበታ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ወርዱንና ቁመቱን ተሰፍቶበት የሚሠራ ነበር። ቤቶቹ ሁሉ ቀይ ናቸው፤ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቁ ዓይንን የሚመሩበት መንገድ የለም። ተጫዋቹ ሰያፉን መስመር በልቡ መሣል ነበረበት። ገበጣ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። በሰንጠረዥ ቢያንስ የእኔና የአንተ ሠራዊት በመልክ ይለያል፤ በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ባለቤትም የለውም። አሁን እኔ ዘንድ ያለችው ፍሬ ከአንድ ዙር በኋላ አንተ ዘንድ ናት። ተጫዋቹ የሚያነበው በየጉድጓዱ ስንት እንዳለ፣ ሲዘራም ድርድሩ ምን መልክ እንደሚይዝ ብቻ ነው።

በጌዴኦ ቀለም መለየት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ይገርመኛል። በይርጋ ጨፌና በወናጎ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ሴቶች ከማድረቂያው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ጥሩውን ቡና ከተበላሸው በዓይናቸው ይለያሉ፤ ከዚያ አስቀድሞም ቀዩ እሸት ካልበሰለው አረንጓዴ ተመርጧል። ቀኑን ሙሉ ቀለም ሲያነብ የዋለ ዓይን ማታ ቀለም በሌለው ጨዋታ ያርፍ ይሆን? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ማስረጃ አላቀርብበትም።

የገበጣ ታሪክ ግን ማስረጃ አለው፤ በድንጋይ ላይ። በየሓና ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው በመጠራ ድንጋይ ላይ የተቦረቦሩ የገበጣ ረድፎችና የሸክላ ገበጣ ስባሪ ተገኝተዋል። የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ወደ 6ኛውና 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሱታል፤ የአክሱም ዘመን መሆኑ ነው። ሦስት ረድፍ ያለው ገበጣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይታወቅም። በዓለም ዙሪያ የተለመዱት ባለ ሁለትና ባለ አራት ረድፎቹ ናቸው።

እነዚያ ጉድጓዶች በምን ደንብ ይዘራባቸው እንደነበር ግን ድንጋዩ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1893 አክሱምን የጎበኘው ቴዎዶር ቤንት ገበጣን በዓይኑ አይቷል። ዐሥራ ስምንት ጉድጓዶች፣ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ዘጠኝ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ጠጠር፤ ጉድጓዶቹን «ቱኩል» ብለው እንደሚጠሯቸው ሳይቀር መዝግቧል። ደንቡን ለመማር ሞክሮ ግን እንዳልተሳካለት ራሱ ተናዟል! የቈጠረውን ጻፈ፤ ያልገባውን አለፈው። እርሱ ያለፈውን ደንብ እነዚያ ተጫዋቾች ይዘውት ሄዱ።

የገበጣን ደንቦች በብዛት ከጥፋት ያዳነው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነው። ከእናቱ ከሲልቪያ ጋር ያዘጋጀው በነበረው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ረጅም ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የተሰበሰቡ ከመቶ በላይ የጨዋታ ዓይነቶችን መዘገበ። ከመቶ በላይ! እኛ «ገበጣ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠቀልለው ነገር በየአውራጃው፣ በየመንደሩ ሌላ ሌላ ነው። «ላም ወለደች» የሚባል አለ፤ ኮንሶዎች «ላምላሜታ» የሚሉት አለ። ስለ ቅኔና ስለ ተረት ስንጽፍ የኖርን የአገሩ ሰዎች ይህን ያህል ሀብት ለአንድ የታሪክ ምሁር ትጋት መተዋችን ያሳፍረኛል። ፓንክኸርስት በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ጥናቱ ከወጣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከተጫዋቾቹ ስንቱ ዛሬ በሕይወት ይኖር ይሆን?

ድንጋይ ደንቡን ሳይናገር መቅረቱ ለጌዴኦ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በዞኑ ከስድሳ በላይ በሆኑ ሥፍራዎች ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገመታል፤ በአፍሪካ በዚህ ብዛትና ጥግግት የሚገኙበት ሌላ ቦታ የለም። አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች እስከ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርሱ አሳይተዋል፤ ቀድሞ ከተገመተው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ማለት ነው። በቱቱ ፈላ ደግሞ በአንድ መልክ ተጠርቦ የቆመ ድንጋይ በኋለኛ ዘመን ሰዎች የሰው ፊት እየተቀረጸበት ዳግም ሥራ ላይ ውሏል። ገበታው ያው፣ ደንቡ ሌላ! የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ትክል ድንጋዮቹም አብረው ተመዝግበዋል። በጣት የተማሰው ገበጣ ግን አንድ ክረምት አይሻገርም።

አዛውንቱ ያን ዕለት ደንቡን አስረድተውኛል። ደብተር በኪሴ ነበር፤ ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ አልጻፍኩትም። ከዓመታት በኋላ ወደ ዲላ ስመለስ እርሳቸው ዐርፈዋል፤ የልጅ ልጃቸውም ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ከግቢው ውስጥ የሚያውቅ አላገኘሁም። የቀረኝን እነሆ አሁን እጽፋለሁ። ሁለት ረድፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ፍሬ፤ በድምሩ አርባ ስምንት። ከራስ ረድፍ ከአንዱ ጉድጓድ ሁሉንም አንሥቶ ወደ ቀኝ አንድ አንድ መዝራት ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋል፤ ፍሬ ያለበት ላይ ካረፈች እዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ መቀጠል ነው። ሦስት ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ላይ አርፋ አራት ካደረገችው ግን ሌላ ሕግ አለ። አዛውንቱ በዚህ ጊዜ ጉድጓዱ አጠገብ አፈሩ ላይ በጣታቸው አንድ ጭረት ያደርጋሉ፤ ልጁም ይጮኻል። ጭረቱ አራቱ ፍሬዎች ይወጣሉ ማለት ነበር ወይስ ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ የእርሳቸው ይሆናል ማለት፣ አላስታውስም።