ወይራን በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ለጥላ ስለ መትከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባታችን አብርሃም በመምሬ እንግዶቹን ሲቀበል በመጀመሪያ ከዛፍ ጥላ ሥር እንዲያርፉ ለመናቸው (ዘፍ. 18፥4)። በቤተ ክርስቲያናችን ዐጸድ ያለው ዛፍም የእንግዳ ማረፊያ ነው። አረጋውያንና ሕፃን ያዘሉ እናቶች ከፀሐይ ይጠለሉበታል፤ የቅኔ ተማሪም ከሥሩ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ዛሬ ግን በየቦታው አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ባሕር ዛፍ ሲተካ እናያለን። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ፈጥኖ ቢደርስም ውኃ አብዝቶ ይስባል፤ ጥላውም ስስ ነው። ለዐጸዳችን ከሚስማሙ ሀገር በቀል ዛፎች አንዱ ወይራ ነው።

የወይራ ጠባይ

ወይራ በደጋና በወይና ደጋ ይበቅላል፤ ድርቅንም ይችላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ስለማይራቆት በበጋም ጥላ ይሰጣል። የሀገራችን ወይራ ዘይት ከሚጨመቅበት ወይራ ጋር በዘር አንድ ሲሆን ፍሬው ግን ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ነው። ነቢዩ ዳዊት ራሱን በእግዚአብሔር ቤት እንዳለ ለምለም ወይራ አድርጎ መስሏል (መዝ. 51፥8)።

አተካከሉ

የጠቆረውን የበሰለ ፍሬ ለቅሞ ሥጋውን ማሸትና ማጠብ ይገባል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ሳይጎዱ ቢሰነጥቁት ቶሎ ይበቅላል። ችግኙ የሚተከለው ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ነው። ጉድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከሕንፃው ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ታቦት የሚዞርበት የዑደት መንገድና የመቃብር ስፍራም ክፍት ይተዉ።

እንክብካቤው

ወፎች የጣሉት የወይራ ዘር በብዛት የሚጸድቀው በቁጥቋጦ ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለንግሥ በዓል ግቢውን ስናጸዳ ቁጥቋጦውን ሁሉ ብንመነጥር ሳንዘራው የበቀለውን ወይራ አብረን እንነቅላለን። የተተከለውም ችግኝ ከፍየልና ከእግር እንዲጠበቅ ይታጠር፤ በመጀመሪያዎቹ 2 የበጋ ወራት ዘመኖች ውኃ ይጠጣ። ሲያድግ ሰው ከሥሩ እንዲያልፍ የታችኛው ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይገረዝ።

ወይራ አዝጋሚ ነው። የተከለው ሰው ሙሉ ጥላውን ላያይ ይችላል። እኛም የምናርፍበትን ጥላ ስማቸውን የማናውቃቸው አባቶች ተክለውልናል፤ ወይም ሳይቆርጡ ጠብቀውልናል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት በክረምት ችግኝ ሲያስተክሉ በበጋ የሚያጠጣውንም ሰው አብረው ይመድቡ። ተተክሎ የሚረሳ ችግኝ ለሚመጣው ትውልድ ጥላ አይሆንምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።