ሮም ዐፄ ካሌብን ስለ ምን ረዳች

በደቡብ ዐረብ የናግራን ክርስቲያኖች በሕምያር ንጉሥ እጅ (በ523 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባለቁ ጊዜ፥ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢኖስ ዐፄ ካሌብን ባሕር ተሻግሮ እንዲወጋ አበረታታው፤ በመርከብም ረዳው። የሃይማኖት ቅንዓት ነው እንዳንል፥ ይኸው ዮስጢኖስ በ518 ዓመት ቅዱስ ሳዊሮስን ከአንጾኪያ መንበሩ ያሳደደ ነው!

ምክንያቱ ኋላ ተገለጠ። ፕሮኮፒዮስ እንደ ጻፈው፥ በ531 ዓመት ግድም የዮስጢኖስ የእኅቱ ልጅ ዮስጢንያኖስ ዩልያኖስ የሚባል መልእክተኛ ወደ አክሱም ልኮ፥ ኢትዮጵያውያን ሐሩን ከህንድ ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ፥ የሮምም ገንዘብ ለጠላቷ ለፋርስ እንዳይደርስ፥ ሕምያርም ፋርስን እንዲወጋ ለመነ። ካሌብ እሺ አለ። ነገር ግን የፋርስ ነጋዴዎች የህንድ መርከቦች ወደሚያርፉበት ወደብ እየቀደሙ ሸቀጡን ጠቅልለው ይገዙ ነበርና፥ የሐሩ ነገር ሳይፈጸም ቀረ።