የአነስተኛ አውሮፕላን የበረራ ትምህርት ቤት አመራረጥ

የበረራ ትምህርት ቤት ሰዎች አውሮፕላን ማብረር ተምረው የአብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት የሚዘጋጁበት ተቋም ነው። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ሁለት ወይም አራት መቀመጫ ባለው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። በኢትዮጵያ አብራሪዎችንና ማሠልጠኛዎችን የሚቆጣጠረው፣ ፈቃድም የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። እንደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ባሉ ደጋዎች ለመብረር ለሚያስብ ሰው፣ ትምህርት ቤቱ በከፍታ ቦታ መብረርን ማስተማሩ ከዋጋው ያላነሰ መመዘኛ ነው።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ሲሆኑ፣ ፈቃዳቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ሥልጠና መሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 አውሮፕላኖችን ለሥልጠና ተጠቅሟል። ከግሉ ዘርፍ አቢሲንያን የበረራ አገልግሎት መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ በአብራሪነት ሥልጠና ተሰማርቷል።

የፈቃድ ዓይነቶች

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለፈቃድ አነስተኛ መስፈርቶችን ያወጣል፤ አገሮች ከዚያ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ።

• የግል አብራሪ ፈቃድ፦ ዕድሜ ቢያንስ 17 ዓመት፣ 40 የበረራ ሰዓት (በተፈቀደ ሥርዓተ ትምህርት ለሚማር 35)፣ ከዚህም ውስጥ 10 ሰዓት ያለ አሠልጣኝ ብቻውን የበረረበት፣ እንዲሁም ሁለተኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት። ባለ ፈቃዱ በክፍያ ሊያበር አይችልም።
• የንግድ አብራሪ ፈቃድ፦ ዕድሜ ቢያንስ 18 ዓመት፣ 200 የበረራ ሰዓት (በተፈቀደ ሥርዓተ ትምህርት 150) እና አንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት።

በአብራሪነት ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው የትምህርት ቤት ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የአንደኛ ደረጃውን የጤና ምርመራ ቢያደርግ ይመከራል። የዓይን ወይም የቀለም መለየት ችግር ዘግይቶ ከተገኘ ገንዘቡም ጊዜውም ሊባክን ይችላል።

ከፍታ ለምን ወሳኝ ሆነ?

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከምዕራብ በኩል ከጎጃም የሚለያት ጥልቁ የዓባይ ሸለቆ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ23 በመቶ ገደማ ያንሳል። የሚያስከትለውም ሦስት ነገር ነው፦

• ክንፉ በቂ ማንሻ ኃይል ለማግኘት አውሮፕላኑ በ14 በመቶ ያህል በፈጠነ ፍጥነት መንደርደር አለበት፤
• ቱርቦቻርጀር የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤
• ስለዚህ የመንደርደሪያው ርቀት ይረዝማል፣ ከተነሣም በኋላ ከፍታ የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው።

ሙቀት ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። በመካነ ሰላም የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ አውሮፕላኑ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ያህል ይሆናል። በሜዳ ላይ አራት ሰው ጭኖ በቀላሉ የሚነሣ አውሮፕላን እዚህ በሁለት ሰውና በተቀነሰ ነዳጅ ብቻ ሊነሣ ይችላል። ከሰዓት በኋላ በተራራና በገደል ዳር የሚነሣው ነፋስ፣ በክረምትም ተራራውን የሚሸፍነው ደመና ተጨማሪ አደጋ ናቸው። በዚህ ምክንያት ደጋ ላይ በአነስተኛ አውሮፕላን ለመብረር ማለዳ ይመረጣል። በባሕር ዳርቻ አገር ብቻ የተማረ አብራሪ እነዚህን በወረቀት እንጂ በእጁ ላያውቃቸው ይችላል።

የመምረጫ ነጥቦች

• ፈቃድ፦ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ኮርስ ባለሥልጣኑ ማጽደቁን በሰነድ ማረጋገጥ።
• አውሮፕላን፦ ስንት እንዳለው ሳይሆን ስንቱ በአሁኑ ጊዜ እንደሚበር፣ ጥገናውን ማን እንደሚሠራና አንዱ ሲበላሽ ተማሪው ስንት ቀን እንደሚጠብቅ መጠየቅ።
• አሠልጣኝ፦ አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ እንደሚይዝና በደጋ ማረፊያዎች የማብረር ልምድ እንዳለው።
• የከፍታ ትምህርት፦ ተማሪው የመነሻ ርቀትንና የጭነት ልክን ከአውሮፕላኑ መመሪያ አስልቶ፣ ስሌቱን በበረራ መፈተኑ።
• ሙሉ ወጪ፦ ብዙ ተማሪ በትንሹ ሰዓት ስለማይጨርስ፣ ተጨማሪ የበረራ ሰዓት፣ ፈተና፣ ጤና ምርመራና ማደሪያ ተደምረው መታሰብ አለባቸው።
• ውል፦ ያልተበረረ ሰዓት ክፍያ የሚመለስበት ሁኔታ፤ ወጪውን ቀጣሪ ከሸፈነ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታው ዘመን።

ውጭ አገር መማር

በውጭ አገር የተገኘ ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ አያሠራም፤ የአገሩን ባለሥልጣን ዕውቅና ማግኘት አለበት። ስለዚህ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ምን ፈተናና ሰነድ እንደሚጠየቅ ቢያውቅ ይጠቀማል። ሲመለስም ከልምድ ያለው አሠልጣኝ ጋር በደጋ ማረፊያዎች ተጨማሪ ሥልጠና መውሰዱ ለደኅንነቱ አስፈላጊ ነው።