ሥራ ያጡ ዝሆኖች

አንዲት የድሮ ተማሪዬ አባቷን ለማሳከም ባንኮክ ሄዳ ነበር። ሕክምናው ሲያልቅ ወደ ሰሜን ታይላንድ ወጣ ብላ ዝሆን አየች። በቴሌግራም ፎቶ ልካልኝ እንዲህ ትላለች፦ «ቲቸር፣ እዚህ መጋለብ የለም፣ ማጠብ የለም፣ ትርዒት የለም። ከሩቅ ቆመን ሐብሐብ ሲበሉ አየንና ተመለስን። ይሄን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለዚህ ነው እንዴ?»

ጥያቄዋ የታሪክ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው፣ ሌሎቻችሁም ታነቡታላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የዝሆን መጠለያ ሲባል እኛ የምናውቀው ባቢሌን ነው። የባቢሌ መጠለያ በ1970 ሲቋቋም ዓላማው የዱር ዝሆንን እዚያው በሚኖርበት ዱር መጠበቅ ነበር። ተማሪዬ ያየቻቸው ዝሆኖች ግን የዱር አይደሉም። ከሥራ የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደኛ በሬ ተጠምደው የኖሩ፣ ከዚያም አንድ ቀን «ሥራ የለም» የተባሉ ናቸው። ይሄን ካልያዝን ቀሪው አይገባንም።

ዝሆንን አሠልጥኖ መጠቀም በዚያ አካባቢ የቆየ ነገር ነው። (እኛም ብንሆን ሩቅ አልነበርንም። የባይዛንታይኑ ጸሐፊ ዮሐንስ ማላላስ የአክሱም ንጉሥ በአራት ዝሆን በሚጎተት ሠረገላ ላይ ቆሞ የቁስጥንጥንያን መልእክተኛ እንደተቀበለ ጽፏል። ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የዐፄ ካሌብ ዘመን።) በሲያም፣ በዛሬዋ ታይላንድ ማለት ነው፣ ዝሆን የጦር መሣሪያም የዙፋን ጌጥም ነበር። ንጉሥ ናሬሱዋን በ1593 ከበርማው አልጋ ወራሽ ጋር በዝሆን ላይ ሆነው ተዋግተው አሸነፉ ይባላል፤ የሀገሪቱ የጦር ኃይሎች ቀን እስከ ዛሬ የሚከበረው በዚያ ዕለት ነው። እስከ 1910ዎቹ አጋማሽ ድረስ ባንዲራቸው ላይ ነጭ ዝሆን ነበረበት። ይሄን ያህል ክብር!

ክብሩ ግን ለነጩ ዝሆን ነበር። ተራው ዝሆን ግንድ ይጎትት ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የእንግሊዝ ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ ቦምቤይ በርማ የሚባለው፣ ቲክ የተባለውን ጠንካራ እንጨት ፍለጋ ወደ ሰሜን ሲያም ገቡ። ቲክ በመርከብ ሥራ ተፈላጊ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ቅርፊቱን ዙሪያውን ይልጡትና ቆሞ እንዲደርቅ ይተዉታል፤ እርጥብ ቲክ ውሃ ላይ አይንሳፈፍምና። ከደረቀ በኋላ ይቆረጣል። ከዚያ ከዳገቱ እስከ ወንዙ ማን ያውርደው? መንገድ የለም፣ ማሽን የለም። ዝሆን በሰንሰለት ይጎትተዋል፣ በግንባሩ ይገፋዋል፣ ወንዝ ውስጥ የተቆላለፈውን ግንድ በኩምቢውና በጥርሱ ያላቅቃል። ግንዱ በክረምት ሙላት እየተንሳፈፈ ባንኮክ እስኪደርስ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ያ ሁሉ ሀብት በዝሆን ጉልበት የተገኘ ነው ብል አላጋነንኩም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በሀገሪቱ ወደ 100,000 የሚጠጋ ለማዳ ዝሆን እንደነበረ ይገመታል። ዛሬ ከ4,000 አይበልጥም። በ1939 አንድ ሕግ ወጣ፤ ለማዳ ዝሆን እንደ ፈረስ፣ እንደ ከብትና እንደ በቅሎ የሥራ እንስሳ ነው የሚል። የዱሩ ዝሆን በዱር እንስሳት ሕግ ሲጠበቅ፣ ያው እንስሳ ሰው እጅ ከገባ ግን ንብረት ነው። ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይከራያል። ይህችን ሕግ ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

አሁን ወደ 1988 እንምጣ። በ1961 የታይላንድ ግማሽ መሬት፣ 53 በመቶ ገደማ፣ ደን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ 28 በመቶ ያህል ቀረ። (የኛን የ40 በመቶ ታሪክ እንዳታመጡብኝ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) በኅዳር 1988 በደቡብ፣ ናኮን ሲ ታማራት በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። የተራቆተው ተራራ ተናደ። ጭቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የሚተርፍ ነበር፤ ተቆርጦ ተራራው ላይ የተከመረው ግንድ ከጭቃው ጋር እየተንከባለለ በመንደሮቹ ላይ ወረደ። ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ሕዝቡ ተቆጣ። በጥር 1989 የጠቅላይ ሚኒስትር ቻቲቻይ መንግሥት የደን ቆረጣ ፈቃዶችን በሙሉ ሰረዘ።

ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። እኔ ብሆንም እወስነው ነበር። ነገር ግን ውሳኔው ሲጻፍ ግንዱን ሲጎትት የነበረው ዝሆንና እላዩ ላይ ተቀምጦ የሚነዳው ሰው ነገ ምን ይበላሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የኩባንያው ባለቤት ገንዘቡን ይዞ ወደ በርማና ወደ ላኦስ ደን ዞረ። ነጂው ግን በቀን ከ100 ኪሎ በላይ የሚበላ እንስሳ ይዞ ቀረ። በሬ ሥራ ቢያጣ ይታረዳል ወይ ይሸጣል። ዝሆንስ? ዝሆን ለነጂው ቤተሰብ ሀብትም፣ ዘመድም፣ ዕዳም ነው። በሰሜን ካረኖች፣ በሱሪን ደግሞ ኩዪ የሚባሉት ሕዝቦች ከዝሆን ጋር በአንድ ግቢ እየኖሩ ነው ትውልድ የቆጠሩት።

ስለዚህ ወደ ከተማ ሄዱ። በ1990ዎቹ ባንኮክ በምሽት የገባ ሰው በመኪና መሐል የሚያልፍ ዝሆን ያይ ነበር። ነጂው በትንሽ ፌስታል ሙዝና ሸንኮራ ይሸጣል፣ ቱሪስቱ ይገዛና ለዝሆኑ ያበላል። ይህ ልመና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አስፋልቱ እግራቸውን ይልጠዋል፣ መኪና ይገጫቸዋል። ባለሥልጣናቱ በየጊዜው ይከለክላሉ፣ ነጂዎቹ በየጊዜው ይመለሳሉ። ሌሎች ደግሞ ዝሆናቸውን ይዘው በርማ ድንበር ላይ ለቆረጣ ተቀጠሩ። ድንበሩ ላይ ፈንጂ ነበር። ሞታላ የምትባል ሴት ዝሆን በ1999 ፈንጂ ረግጣ የፊት እግሯን አጣች። ላምፓንግ ውስጥ በ1993 የተቋቋመ የዝሆን ሆስፒታል ወሰዳት፤ በ2009 ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመላት። ከእሷ በፊት ሞሻ የምትባል ግልገል እዚያው ሆስፒታል ሰው ሠራሽ እግር አግኝታ ነበር። ሞሻ ፈንጂውን ስትረግጥ የሰባት ወር ጨቅላ ነበረች።

የቀሩት አብዛኞቹ ቱሪዝም ገቡ። ወንበር ተጭኖባቸው ቱሪስት መሸከም፣ ኳስ መምታት፣ በኩምቢያቸው ሥዕል መሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ታዲያ ፈረስም ይጋለባል፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ልዩነቱ ያለው ከመጋለቡ በፊት ነው። ፈረስና በሬ በሺህ ዓመታት እርባታ ከሰው ጋር የለመዱ ናቸው። ዝሆን እንደዚያ አይደለም፤ ባሕርይው የዱር ነው፣ በየትውልዱ እንደ አዲስ ይገራል። የቆየው አገራር ደግሞ ጨካኝ ነው። ግልገሉን ከእናቱ ነጥለው መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት አጥር ውስጥ አስረው፣ አስርበውና አስጠምተው፣ በብረት ሜንጦ እየወጉት ፈቃዱን እስኪሰብር ያቆዩታል። ሥዕል የሚስለው ዝሆን ያንን ያለፈ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነጂ ጨካኝ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዝሆኑን ከልጁ እኩል የሚወድ ብዙ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ሌክ ቻይለርት የምትባል ሴት የተነሳችው። የተወለደችው ክሙ ከሚባል የተራራ ሕዝብ ነው። አያቷ የባህል ሐኪም ነበሩ፤ ሰው አድነው በውለታ አንዲት ዝሆን ተሰጥቷቸው ስለነበር ከዝሆን ጋር አደገች። በ1990ዎቹ ከቺያንግ ማይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ ኤለፋንት ኔቸር ፓርክን መሠረተች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ያረጀ፣ የቆሰለ፣ የታወረ ዝሆን ከባለቤቱ በገንዘብ ይገዛል። አዎ፣ ይገዛል። የ1939ኙ ሕግ ንብረት ነው ብሏላ!

ከገዛቻቸው አንዷ ጆኪያ ናት። ስለ ጆኪያ የሚተረከው ይህ ነው፦ ዳገት ላይ ግንድ እየጎተተች ወለደች፣ ግልገሉ ተንከባሎ ሞተ፣ እሷም ከዚያ በኋላ አልሠራም አለች። አልነሳም ስትል በወንጭፍ ዓይኗን መቷት፣ ሌላኛውም ጠፋ። ዓይነ ስውር ሆና መጠለያው ስትገባ ሜ ፐርም የምትባል አሮጊት ዝሆን ተጠጋቻት። እስክትሞት ድረስ ከጎኗ አልተለየችም፣ ወደ ውሃ ስትሄድ ይዛት ትሄዳለች፣ ስትጮህ ትመልስላታለች። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል። የቀረውን ትምህርት ግን ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ችግሩ፣ ነገሩ ሲታወቅ ገበያ ሆነ። ሁሉም በራፉ ላይ «መጠለያ» ብሎ ጻፈ። የዓለም እንስሳት ጥበቃ የተባለው ድርጅት በ2017 ያወጣው ጥናት በእስያ ለቱሪስት የሚቀርቡ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝሆኖችን አይቶ፣ ከአራቱ ሦስቱ በመጥፎ ሁኔታ እንደሚኖሩ አገኘ። «አንጋልብም፣ እናጥባለን» የሚሉም በዙ። ማጠብ የዋህ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በቀን አምስት ጊዜ በማያውቀው ሰው እየተፈተገ ዝም የሚል ዝሆን ያው የተገራና አጠገቡ ሜንጦ የተያዘበት ዝሆን ነው። በጥር 2025 በደቡብ ታይላንድ አንዲት ስፔናዊት ተማሪ ዝሆን እያጠበች ሳለ በዝሆኑ ተገድላለች። እንግዲህ ተማሪዬ «ምንም አላደረግንም» ያለችው ነገር፣ በኔ ግምት፣ የቦታው ትልቁ ምስክር ወረቀት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ጫካ ለምን አይለቋቸውም? ጫካው ተቆርጧል እኮ። የቀረው የዱር ዝሆን ራሱ ከገበሬ ማሳ ጋር እየተጋጨ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከሰው እጅ የበላ ዝሆን ቢለቀቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰው እርሻ ነው። ስለዚህ መጠለያው የሚኖረው በጎብኚ ገንዘብ ነው፣ ጎብኚ ሲጠፋ ደግሞ ይናጋል። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ካምፖቹ ተዘጉ። ከ100 በላይ ዝሆኖች ከነነጂዎቻቸው በእግር ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ያው ነገር፤ ሥራ የለም፣ ሂዱ።

በጥቅምት 2024 ደግሞ ቺያንግ ማይን ጎርፍ መታ። ወንዙ ሞልቶ መጠለያው ውስጥ ገባ። ከ100 በላይ ዝሆኖች ወደ ከፍታ ሲሸሹ ሁለቱ ተወሰዱ፣ ፋ ሳይና ፕሎይ ቶንግ። ፕሎይ ቶንግ ዓይነ ስውር ነበረች።

በ1989 ሃያ ዓመት የሞላው ዝሆን አሁን ሃምሳ አምስትን አልፏል። ዝሆን ሲያረጅ መንጋጋው ያልቃል፣ ሣር ማኘክ ያቅተዋል፣ ብዙውን ጊዜ የሚሞተውም በዚሁ ነው። ለእነዚህ ሽማግሌዎች መጠለያው ውስጥ ሩዝ በትልልቅ ድስት ይቀቀላል፣ ከሙዝ ጋር ተለውሶ በእጅ ይድቦለቦላል፣ አንድ በአንድ ኩምቢያቸው ላይ ይቀመጥላቸዋል።